የማያምነውን ወንድሜን የሃይማኖታችን ሕግ ይገዛዋል?

ጥያቄው፦ «ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት እምነታችንን ተወ። አሁን በቤተሰባችን የስልክ ግሩፕ ላይ በሃይማኖታችን የሚያላግጡ ሥዕሎችና ቀልዶች ይለጥፋል። እናቴ ታለቅሳለች። አባቴ ‹ደህና ሕግ ቢኖር ይታሰር ነበር› ይላል። ወንድሜ ደግሞ ‹ሕጋችሁ ለእናንተ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም› ይላል። እውነት አይመለከተውም? መንግሥትስ እንዲህ ያለውን ነገር ሊከለክል አይገባም? እኔስ ምን ላድርግ? የሃይማኖታችንን ስም ሆን ብዬ ነው ያልጠቀስኩት።»

እህቴ፣ ስሙን አለመጥቀስሽ ደግ ነው። የትኛውም ቢሆን መልሴ አይለወጥም። ሕግና ሃይማኖት የሚገናኙበትን ቦታ ሳስተምር ብዙ ዓመት አልፎኛል። ራሴም አማኝ ነኝ። ስለዚህ የእናትሽን እንባ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። ሰው ሲጨንቀው የሚጠራውን ስም፣ ወዳጁን ሲቀብር የሚጽናናበትን ቃል የገዛ ልጁ መሳቂያ ሲያደርግበት ያማል። ይህን «ቀልድ እኮ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነገሩ አልገባውም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወንድምሽ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ የሃይማኖታችሁ ሕግ አይገዛውም። መንግሥትም በሃይማኖት ላይ ስለቀለደ ብቻ ሊያስረው አይገባም። ይህ ማለት ግን ያደረገው ነገር ደግ ነው ማለት አይደለም። ሦስቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ጠቡ የሚብሰው አንድ ላይ ስንጨፈልቃቸው ነው።

የሃይማኖት ሕግ ሰውን የሚይዘው በምንድን ነው? በቃል ኪዳን ነው። የሚጾም ሰው የሚጾመው ለአምላኩ ቃል ስለገባ ነው። ዘበኛ ቆሞበት የጾመ ሰው ተራበ እንጂ አልጾመም። ተገድዶ የሰገደ ጉልበቱ ታጠፈ እንጂ አልሰገደም። ይህ ከሃይማኖት ውጭ የመጣ ሐሳብ እንዳይመስልሽ። ክርስቲያኖች በሮም መንግሥት ይሳደዱ በነበረበት ዘመን፣ በ212 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ተርቱሊያን የተባለው የሰሜን አፍሪካ ጸሐፊ ለአገረ ገዢው ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሃይማኖትን በግድ ማስያዝ የሃይማኖት ሥራ አይደለም አለው። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 256 ላይ በሃይማኖት ማስገደድ የለም ይላል።

ከዚህም ይበልጥ ለአንቺ ጥያቄ የሚቀርበው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ነው። በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ በማኅበሩ ውስጥ ስላለ ኃጢአተኛ በጣም ጠንከር ያለ ቃል ይናገራል። ከዚያ ቆም ይልና በውጭ ባሉት ላይ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም ይላል። በውስጥ ባሉት ላይ ፍረዱ፣ በውጭ ባሉት ላይ እግዚአብሔር ይፈርዳል ነው ነገሩ። ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ድንበር አላውቅም።

የአይሁድ ሊቃውንትም ተመሳሳይ ድንበር አላቸው። በእነሱ አቆጣጠር 613 ትእዛዛት አሉ፤ የሚይዙት ግን አይሁዳዊውን ነው። ከሌላው ሕዝብ የሚጠበቁት የኖኅ ልጆች የሚባሉት 7ቱ ብቻ ናቸው። ከእስልምና ሕግ ደግሞ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸውን አንድ ነገር ልንገርሽ። በሐነፊ መዝሀብ፣ ማለትም ከእስልምና የሕግ መንገዶች በአንዱ፣ አንድ ሙስሊም በሙስሊም አገዛዝ ሥር የሚኖርን ክርስቲያን የወይን ጠጅ ቢደፋበት ካሣ ይከፍላል። ጠጁ ለሙስሊሙ ሐራም ነው፤ በእሱ ዓይን ዋጋ የለውም። ለባለቤቱ ግን ንብረት ነው። የጥንት የሕግ ሊቃውንት ናቸው እንግዲህ ይህን ያሉት፤ ያውም ሃይማኖትና መንግሥት ባልተለያዩበት ዘመን። እነዚህ የሃይማኖት ሊቃውንት የየራሳቸው ሕግ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያውቁ ነበር።

«ታዲያ አትግደል፣ አትስረቅ የሚለውስ? እሱም የሃይማኖት ሕግ አይደለም?» ትይኝ ይሆናል። ነው። የማያምነውን የሚይዘው ግን የሃይማኖት ሕግ ስለሆነ አይደለም። ለምን መግደል እንደሌለብኝ ለማያምን ሰው በእሱም ቋንቋ ላስረዳው እችላለሁ፤ የሚሞተው ሰው አለና። ለምን የእኔን የጾም ቀን መጾም እንዳለበት ግን የእኔን አምላክ ሳልጠራ ላስረዳው አልችልም። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው። ሕጉ ለሁሉም ሰው ሊነገር የሚችል ምክንያት አለው ወይስ ምክንያቱ በእኔ እምነት ውስጥ ብቻ ነው?

ይህ መለኪያ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። ካናዳ ከ1906 ጀምሮ «የጌታ ቀን ሕግ» የሚባል ነበራት። እሑድ ንግድ ይከለክላል። በግንቦት 1982 እሑድ ቀን ካልጋሪ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ተከፍቶ ሲሸጥ ተገኘ። ከሸጣቸው ዕቃዎች መካከል የፕላስቲክ ኩባያና የብስክሌት ቁልፍ ነበሩበት። ተከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1985 ሕጉ ተሻረ። የዳኞቹ ምክንያት ቀላል ነው። ሕጉ የወጣው የአንድን ሃይማኖት ሰንበት ለማስከበር ነው፤ ያንን ሰንበት የማይቀበለውን ሰው ደግሞ መንግሥት በጉልበቱ ሊያስከብረው አይችልም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 የእሑድ ሕግ እንዲቀጥል ፈቅዷል። እሑድ በጊዜ ብዛት የሠራተኛ የጋራ ዕረፍት ቀን ሆኗል ብሎ ነው። ሰው ያርፍ ዘንድ የሚወጣ ሕግ ለሁሉም ሊነገር የሚችል ምክንያት አለው። እንደ እኔ የካናዳው ፍርድ ይሻላል፤ የአሜሪካው ሕጉ የተወለደበትን ምክንያት በሌላ ልብስ ሸፍኖታል። ግን ልብ በይ፣ ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ያነሡት ጥያቄ አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ወንድምሽም ይወቅ። የሃይማኖት ሕግ የማያምነውን አይገዛውም ማለት የትም ገብቶ ያሻውን ያደርጋል ማለት አይደለም። መስጊድ የገባ እንግዳ ጫማውን ያወልቃል። ምኩራብ የገባ ወንድ ራሱን ይሸፍናል። ይህን የሚያደርገው ስላመነ አይደለም፤ የሰው ቤት ስለሆነ ነው። የአምልኮ ሥርዓት እየተካሄደ ገብቶ መበጥበጥ፣ የአምልኮ ቦታን ማርከስ፣ ንብረት ማጥፋት በብዙ አገር ጥፋት ነው። መሆንም አለበት። ለዚህ ግን የተለየ የሃይማኖት ሕግ አያስፈልግም። የሌላ ሰው ስብሰባ ላይ ገብቶ የሚበጠብጥም በዚያው ሕግ ይጠየቃል።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። «ደህና ሕግ ቢኖር ይታሰር ነበር» ያሉት የብዙ አማኝ ልብ የሚለው ነው። እኔም ወጣት ሳለሁ ብዬዋለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የማያምኑ ሰዎች ክርክር አልነበረም። እነዚህ ሕጎች በተግባር ማንን እንደሚይዙ ማየቴ ነው።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማሠራው ልምምድ አለ። የተለያየ እምነት ያላቸውን ተማሪዎች «ስለ እምነታችሁ ፈጽሞ ሊነገር የማይገባውን ጻፉ» እላቸዋለሁ። ይጽፋሉ። ከዚያ ወረቀቱን እንዲለዋወጡ አደርጋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ዝም ይላል። እያንዳንዱ የራሱን የእምነት መግለጫ በሌላው ክልከላ ውስጥ ያገኘዋል። አንዱ በየቀኑ በጸሎቱ የሚለው ነገር ለሌላው ድፍረት ነው። «እሱ አምላክ ነው» የሚለው «እሱ ነቢይ ብቻ ነው» የሚለውን ያስቀይማል፤ ያም ይህን። «መሲሑ መጥቷል» የሚለውና «ገና ነው» የሚለውም እንዲሁ። ቀልድ ሳይገባበት፣ ማንም ሳይሳደብ፣ ሁሉም በንጹሕ ልቡ እያመነ ነው ይህ የሚሆነው። ለዚህ ነው ሃይማኖትን መዳፈር የሚከለክል ሕግ ሲወጣ መጀመሪያ የሚይዘው ቀልደኛውን ሳይሆን በቁጥር ያነሰውን አማኝ የሚሆነው።

የአስያ ቢቢን ነገር ሰምተሽ ይሆናል። በፓኪስታን በእርሻ ላይ የቀን ሥራ የምትሠራ ክርስቲያን እናት ናት። በ2009 ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በውሃ ተጣላች። እሷ የነካችውን ውሃ አንጠጣም አሏት። ቃል ተወራወሩ። ነቢዩን ሰድባለች ተብላ ተከሰሰችና በ2010 ሞት ተፈረደባት። የፑንጃብ ግዛት ገዢ የነበሩት ሳልማን ታሲር ይህ ሕግ ይሻሻል፣ ለሴትዮዋም ምሕረት ይደረግላት ብለው ስለተናገሩ በጥር 2011 የገዛ ጠባቂያቸው ገደላቸው። እሷን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጻ የለቀቃት በጥቅምት 2018 ነው። ከዳኞቹ አንዱ በፍርዱ ላይ ከጻፉት ነገር ውስጥ የማልረሳው አለ። ሴቶቹ በእርሷ እምነት ላይ የተናገሩት ስድብም ከድፍረት የሚያንስ አልነበረም ብለዋል። ያንን ግን ማንም አልከሰሰበትም። እንዲህ ያለ ሕግ በተግባር የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

እንግሊዝም ከዚህ አላመለጠችም። ሳልማን ሩሽዲ በ1988 ባሳተመው ልብ ወለድ የተቆጡ ሙስሊሞች በአገሪቱ ሕግ ይቀጣልን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሃይማኖትን መዳፈር በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ወንጀል ነበረ። በ1990 የተሰጣቸው መልስ ሕጉ የሚጠብቀው ክርስትናን ብቻ ነው የሚል ሆነ። አስቢው፤ ግብር የሚከፍሉ ዜጎች ናቸው፣ ሕመማቸውም እውነተኛ ነው፤ ሕጉ ግን የእናንተ ሕመም አይቆጠርም አላቸው። ይህን ለማስተካከል ሁለት መንገድ ነበረ። ወይ ለሁሉም ሃይማኖት ማስፋት፣ ወይ መሻር። ማስፋት ማለት የክፍሌን ልምምድ አገር አቀፍ ማድረግ ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ይከስሳል። በ2008 ሻሩት። አየርላንድም በ2018 ሕዝቧን ጠይቃ ድፍረትን የሚመለከተውን ቃል ከሕገ መንግሥቷ አወጣች።

ሕጉ ጥርሱን ባሳየበት ዘመን ምን ይሠራ እንደነበር ደግሞ ሁለት የ20 ዓመት ልጆች ይመስክሩ። ቶማስ ኤከንሄድ በስኮትላንድ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ በመጽሐፍ ቅዱስና በሥላሴ ላይ ቀለደ። ጓደኞቹ መሰከሩበት። ተጸጸትኩ፣ ማሩኝ ብሎ ለመነ። በጥር 1697 ሰቀሉት። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ሼቫሊዬ ደ ላ ባር ነው። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ቅዱስ ቁርባን ይዞ የሚያልፍ ሰልፍ ሲያይ ባርኔጣውን አለማውለቁ ነው። በ1766 አንገቱን ቆርጠው ሬሳውን አቃጠሉት። እህቴ፣ የወንድምሽን ዕድሜ አልነገርሽኝም። ግን ስለ እነዚህ ልጆች ሳስተምር የሚታየኝ እንደ እሱ ያለ ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ አፉ የቀደመው፣ በእምነቱ የተቆጣ፣ ምናልባት ነገ የሚመለስ። በገመድ የተሰቀለ ልጅ ደግሞ አይመለስም።

አበው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይላሉ። አባትሽ ይህን ሕግ የሚመኙት የእርሳቸው እምነት ብዙኃን በሆነበት ቦታ ቆመው ይሆናል። ያው እምነት አናሳ የሆነበት አገር ግን ይኖራል። እዚያ ያለው ወንድማቸው በዚሁ ሕግ ነው የሚያዘው።

ስለ ካንትዌል ጉዳይም ልንገርሽ፤ በጣም የምወደው ፍርድ ነው። በ1938 ካንትዌል የተባለ አንድ የይሖዋ ምሥክር ወጣት በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ፣ ካቶሊኮች በብዛት በሚኖሩበት ሠፈር፣ ሸክላ ማጫወቻ ይዞ ይዞራል። ሁለት ሰዎችን አስፈቅዶ አንድ ሸክላ አሰማቸው። ሸክላው የካቶሊክን ቤተ ክርስቲያን ክፉኛ የሚያንቋሽሽ ነበር። ሰዎቹ ካቶሊኮች ናቸው። ተናደዱ፤ ሂድልን አሉት፤ ሄደ። ጸጥታ አደፍርሷል ተብሎ ተቀጣ። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ቅጣቱን ሰረዘው። አልተማታም፣ አላስፈራራም፣ ሂድ ሲሉት ሄዷል፤ የተናገረው ሰውን ማስቀየሙ ብቻውን ወንጀል አያደርገውም አለ። ይህ ልጅ ቀልደኛ አልነበረም፤ ሰባኪ ነው። ሰባኪውን ነጻ ያወጣው ሕግ ቀልደኛውንም ይጠብቀዋል። አንዱን ብቻ ለይቶ የሚጠብቅ ሕግ ማንም መጻፍ አልቻለም። እኔም ሞክሬ አልሆነልኝም።

ደግሞስ በእምነት ላይ መሳለቅን ያስተማረን ማን ነው? ነቢያቱ አይደሉም ወይ? ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የበኣል ነቢያት ከጥዋት እስከ ቀትር ሲጮኹ ምን አላቸው? አምላካችሁ ሐሳብ ይዞት ይሆናል፣ መንገድ ሄዶ ይሆናል፣ ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሱት አላቸው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 44 ላይ የእንጨቱን ግማሽ አንድዶ ሥጋ ጠብሶበት፣ በቀረው ግማሽ አምላክ ሠርቶ «አድነኝ» የሚለውን ሰው ያሳየናል። በቁርኣን ኢብራሂም ጣዖቶቹን ሰባብሮ ትልቁን ብቻ ያስቀረዋል። ማን ሠራው ሲሉት «ይሄ ትልቁ ነው፣ መናገር ከቻሉ ጠይቋቸው» ይላቸዋል። የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድም ፌዝ ሁሉ ክልክል ነው፣ በጣዖት ላይ ከሚደረገው በቀር ይላል። እነዚህን ታሪኮች ልጆቻችን ደስ ብሏቸው ይማሯቸዋል። ለበኣል አማኝ ግን እያንዳንዱ ቃል ቁስል ነበር። ይህን የምልሽ ነቢያቱን ከወንድምሽ ጋር ለማስተካከል አይደለም። እኛ አማኞች ስላቅን በጅምላ ወንጀል ነው ስንል የራሳችንን መጻሕፍት እንደምንረሳ ለማሳየት ነው።

እዚህ ላይ ግን ወሰን አለ፤ በዚህ ወሰን ጉዳይ ለማንም አልለሳለስም። እምነት ላይ መቀለድ አንድ ነገር ነው። አማኙን ሰው ከሰው ተራ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ዩልየስ ሽትራይኸር የተባለው ጀርመናዊ ከ1923 ጀምሮ የሚያሳትመው ጋዜጣ በካርቱን የተሞላ ነበር። ካርቱኖቹ ከአይሁድ እምነት ጋር አይከራከሩም። አይሁዳዊውን ጎረቤት ተባይ፣ እባብ፣ ልጅ አራጅ አድርገው ይሥሉታል። ሰው ለዓመታት እያየ ለመደው። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቃል። ሽትራይኸር በገዛ እጁ ሰው አልገደለም፤ ሆኖም ከጦርነቱ በኋላ በኑረንበርግ በተቀመጠው ችሎት በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ በ1946 ተሰቀለ። ሩዋንዳ ውስጥም በ1994 ሬዲዮ ሰዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር።

ዓለም አቀፉ ሕግም ወሰኑን እዚሁ ላይ ነው ያሰመረው። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 ጠላትነትን፣ መድልዎንና ዓመፅን የሚቀሰቅስ የሃይማኖት ጥላቻ በሕግ ይከልከል ይላል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ደግሞ በ2011 ለሃይማኖት ክብር ጎደለ ብቻ ብሎ መከልከል ከቃል ኪዳኑ ጋር አይሄድም ብሏል። የሚጠበቀው ሰው ነው። ሐሳቡ ራሱ፣ ትምህርቱ፣ መጽሐፉ በሕግ ፊት ከሳሽ አይሆንም። በ2012 በሞሮኮ ራባት ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች አንድ ንግግር ወሰኑን ማለፉን ለመለየት ስድስት ነገሮች ይታዩ አሉ፦ ዐውዱ፣ የተናጋሪው ተሰሚነት፣ ዓላማው፣ ይዘቱና አቀራረቡ፣ የተሰራጨበት ስፋት፣ እንዲሁም ጉዳት የማስከተል ዕድሉ። በዚህ መለኪያ የወንድምሽ ሥዕሎች የት ይወድቃሉ? ሥዕሎቹን አላየኋቸውም። ግን አንቺው ለይተሽ እዪ። በትምህርቱ፣ በሥርዓቱ፣ በመሪዎች ግብዝነት ላይ ከሆነ የሚያስቀይም ቀልድ ነው፤ አበቃ። «እንዲህ ብለው የሚያምኑ ሰዎች እንስሳ ናቸው፣ መጥፋት አለባቸው» የሚል ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ዝም አትበዪ።

ለወንድምሽም የምለው አለኝ፤ ካነበበው። መብት አለህ ማለት ሁሉም ነገር ያምርብሃል ማለት አይደለም። ስላቅ ክብሩ ጉልበተኛን ሲነካ ነው። የሰው ገንዘብ የሚበላ የሃይማኖት መሪ ላይ ቀልድ፤ ብዙ አማኝም አብሮህ ይስቃል። እናትህ ግን ጉልበተኛ አይደሉም። ሥዕሉን በገዛ ገጽህ ብታወጣው ማንም አያስገድዳቸውም፣ ማየት ያልፈለገ ያልፋል። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ስትለጥፈው ግን በራቸውን ዘግተው ከሚጸልዩበት ክፍል ድረስ ተከትለሃቸዋል። የእነሱ ሕግ አንተን አይገዛህም፤ እውነት ነው። የአንተ አለማመንም በእነሱ ቤት ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ። ምን ላድርግ ላልሽው፣ መጀመሪያ አለማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ሥዕሎቹን «እዩልኝ ይሄን ድፍረት» ብለሽ ለሌላ ሰው አትላኪ። በ2005 መስከረም ላይ አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ በነቢዩ ሙሐመድ ጉዳይ 12 ካርቱኖች አወጣ። ወራት ካለፉ በኋላ፣ በ2006 መጀመሪያ ላይ፣ ነገሩ ከአገር አገር ሲዛመት ኤምባሲዎች ተቃጠሉ፣ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ያንን ጋዜጣ በእጃቸው ይዘው የሚያውቁ አይመስለኝም። ድፍረትን ለማውገዝ ብሎ የሚያሰራጭ ሰው ከራሱ ከደፋሪው ይልቅ ሩቅ ያደርሰዋል።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 140 የሚሰጠው ምክር ለማንኛውም አማኝ የሚሆን ይመስለኛል። የአላህ አንቀጾች ሲላገጥባቸው ስትሰሙ ወደ ሌላ ወሬ እስኪገቡ ድረስ ከእነሱ ጋር አትቀመጡ ይላል። እስኪገቡ ድረስ የምትለዋን ቃል አስተውያት። ወሬው ሲለወጥ ተመለሺ ነው። ወንድምነቱ አልተቆረጠም።

ሮም ውስጥ በ1857 ግድግዳ ላይ በጭረት የተሣለ አንድ ሥዕል ተገኘ። ዕድሜው በግምት ወደ 1800 ዓመት ይሆናል። የአህያ ራስ ያለው ሰው ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ይሰግዳል። ጽሑፉ «አሌክሳሜኖስ አምላኩን ሲያመልክ» የሚል ነው። አንድ ክርስቲያን ልጅ ላይ ጓደኞቹ ሲያላግጡበት መሆኑ ነው። ስቅለቱን ከሚያሳዩ ሥዕሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ይህ ፌዝ ነው። በሚቀጥለው ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ በሌላ እጅ የተጻፈ ሁለት ቃል ተገኝቷል። «አሌክሳሜኖስ ታማኝ» ይላል። ራሱ ጽፎት ይሁን ጓደኛው ማንም አያውቅም። ብዙዎች መልስ ነው ብለው ያምናሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

እንግዲህ ግሩፑን በሚመለከት። አባትሽን አማክሪና አንድ ደንብ አውጡ፦ ማንም በማንም እምነትም ሆነ አለማመን ላይ እዚህ አይቀልድም። ደንቡ ሁለቱን ወገን መያዝ አለበት። ሃይማኖታዊ ምክርና ማስፈራሪያ የሚልክለት አጎት ወይም አክስት ካለ እነሱም ይተዉ። ብዙ ጊዜ ቀልዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በየጥዋቱ «ገሃነም ትገባለህ» የሚል መልእክት የሚደርሰው ልጅ አንድ ቀን ሥዕል ይለጥፋል። ይህ የቤት ደንብ ነው፤ የሃይማኖት ሕግ አይደለም። ስለዚህ እሱንም ይይዘዋል። አልቀበልም ካለ ከግሩፑ ይውጣ፤ ከቤት ግን አይውጣ። ይህን ልዩነት ለአባትሽ በደንብ አስረጂያቸው።

ከዚያ ለብቻው ደውዪለት። ስለ ሥዕሉ አትጀምሪ። ከሁለት ዓመት በፊት ምን እንደሆነ ጠይቂው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው እንዳለ አላየሁም። እምነቱን የተወ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያላግጠው ባዘነበት ነገር ላይ ነው። መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ፤ ጨርሶ ይናገር። እናትሽ ደግሞ ያለቀሱበትን ራሳቸው ይንገሩት። አባትሽ በእርሳቸው ስም ሲቆጡ ልጁ የሚሰማው ቁጣውን ብቻ ነው።